የሮበርት ሁክ የሕይወት ታሪክ፤ የዕፀዋትን ግድግዳ አስቀድሞ ያየው ሰው

በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ልናቀርብላችሁ ተነሥተናል። የዚህ ሰው ስም በሁለት ትምህርቶቻችን ውስጥ ይጠራል። በፊዚክስ ስለ ሞላ ስንማር የሁክን ሕግ እናጠናለን፤ በባዮሎጂ ደግሞ ሕዋስን መጀመሪያ ያየና ስም ያወጣለት ሁክ ነው ሲባል እንሰማለን። ብዙዎቻችን ግን እነዚህ ሁለቱ ሁኮች አንድ ሰው መሆናቸውን ሳናውቅ ቆይተናል።

ያወቅነው የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ባየን ዕለት ነው። ከሁሩታ ገበያ የተገዛ ቀይ ሽንኩርት በምላጭ ተሰነጠቀ፤ ከውስጡም ስስ ልባሱ ተገፎ በመስተዋት ላይ ተዘረጋ። ተራ በተራ እየቀረብን ብናይ እንደ ጡብ የተደረደሩ ብዙ ክፍሎች ታዩን። መምህራችን በክፍሎቹ መካከል ጎልቶ የሚታየው መስመር የሕዋሱ ግድግዳ መሆኑን አስረዱን፤ ይህን ግድግዳ ከ350 ዓመት በላይ አስቀድሞ ያየውን ሰው ታሪክም ፈልገን እንድንጽፍ አዘዙን። እኛም መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሁክ የተወለደው በሐምሌ ወር 1635 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር በስተደቡብ በምትገኘው በዋይት ደሴት፣ ፍሬሽዎተር በምትባል መንደር ነው። ያ ጊዜ በአገራችን አፄ ፋሲል የነገሡበትና የጎንደር ከተማ የተቆረቆረችበት ዘመን ነበር። አባቱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ካህን ነበሩ። ልጃቸውም የእርሳቸውን ፈለግ ተከትሎ ካህን እንዲሆን ይመኙ ነበር። ነገር ግን ሕፃኑ ጤና አልነበረውም። ራስ ምታት እየተነሣበት ለትምህርት በተቀመጠ ቁጥር ያውከው ስለ ነበር፣ ወላጆቹ ማስጠናቱን ትተው እንደ ፈቀደው እንዲውል ተዉት።

ልጁ ግን ሥራ ፈት ሆኖ አልተቀመጠም። አንድ አሮጌ የናስ ሰዓት ሲፈታ አይቶ፣ ክፍሎቹን በልቡ ይዞ፣ ሁሉንም ከእንጨት ጠርቦ ገጣጠመው፤ የእንጨቱም ሰዓት ሠራ። ደግሞም መድፎቿ የሚተኩሱ ትንሽ የእንጨት መርከብ ሠርቶ በውኃ ላይ አንሳፈፈ። በአገራችንም የሽቦ መኪና የሚሠሩ ልጆች እናውቃለን። እንዲህ ያለውን የልጅ እጅ ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ እንደማይገባ ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

በ1648 ዓ.ም. አባቱ ሞቱ፤ ሁክ በዚያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የደረሰችውን ጥቂት የውርስ ገንዘብ ይዞ ወደ ሎንዶን ሄደ። መጀመሪያ ከአንድ ታላቅ ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል ለመማር ገባ፤ የቀለሙ ሽታ ግን ራስ ምታቱን ቀሰቀሰበትና ተወው። ከዚያም ዌስትሚንስተር ወደሚባለው ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ዶክተር ሪቻርድ በዝቢ በቁጣቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ይህን አባት የሌለውን ልጅ ወደዱት፤ በቤታቸውም አስቀምጠው አስተማሩት። በዚያ ሳለ ከዩክሊድ የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ስድስቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማጥናቱ ይነገርለታል። ላቲንና ግሪክ ተማረ፤ ኦርጋን መምታትም ለመደ። ደግሞም ሁልጊዜ በመሣሪያ ላይ ጎንበስ ብሎ ከመሥራት የተነሣ ነው ይባላል፣ ከ16 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ጀርባው ጎበጠ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ጎባጣ ሆኖ ኖረ።

በ1653 ዓ.ም. ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሀብታም አልነበረምና እየሠራ የሚማር ተማሪ ሆነ። በኦክስፎርድ በዚያን ጊዜ የተፈጥሮን ነገር በሙከራ ለመመርመር የሚሰበሰቡ ሊቃውንት ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ሮበርት ቦይል የተባለው ባለጸጋ ሊቅ የሁክን እጅ ብልሃት አይቶ ረዳቱ አደረገው። በ1659 ዓ.ም. ገደማ ሁክ ለቦይል አየርን ከዕቃ ውስጥ እየሳበ የሚያወጣ ፓምፕ ሠራለት። ዛሬ በኬሚስትሪና በፊዚክስ የምንማረው፣ የአየር ግፊትና መጠን የተያያዙበት የቦይል ሕግ የተገኘው በዚህ ምርምር ውስጥ ነው።

በ1660 ዓ.ም. በሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በ1662 ዓ.ም. ሁክን የሙከራ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሥራው ቀላል አልነበረም። በየሳምንቱ ማኅበርተኞቹ ሲሰበሰቡ ሦስት ወይም አራት ሙከራ አዘጋጅቶ ማሳየት ነበረበት፤ በመጀመሪያው ጊዜም ደመወዝ አልተቆረጠለትም። የተማሪ ልፋት የምናውቅ እኛ፣ አንድ ሰው በየሳምንቱ ሦስት አዲስ ፈተና ቢቀርብለት ምን እንደሚሆን እንገምታለን። እርሱ ግን ይህን ለብዙ ዓመት ተሸክሞ ሠራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ሁክ በ1665 ዓ.ም. በ29 ዓመቱ ማይክሮግራፊያ የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን የመርፌ ጫፍ፣ የምላጭ ስለት፣ የንብ መንደፊያ፣ የዝንብ ዓይን፣ ሻጋታና ሌላም ብዙ ነገር በሥዕል አሳየ። ቁንጫ ተጣጥፎ በሚከፈት ትልቅ ወረቀት ላይ ከድመት የማያንስ ሆኖ ተሥሎ ሲታይ ሰዎች እጅግ ተደነቁ። በሠዓሊው ቤት የቆየው ጥቂት ጊዜ በከንቱ እንዳልቀረ ከዚህ ይታያል።

ከነዚያ ሁሉ ምርመራዎች አሥራ ስምንተኛው የጠርሙስ መክደኛ ስለሆነው ስለ ቡሽ ነበር። ቡሽ ከአንድ የዛፍ ዓይነት ቅርፊት የሚገኝ ነው። ዛፉም በፖርቱጋልና በስፔን አገር ይበቅላል። ሁክ እንደ ምላጭ በተሳለ ትንሽ ቢላ ከቡሽ ላይ እጅግ ስስ ቁራጭ ገፈፈ። ቁራጩ ነጭ ስለ ነበር ጎልቶ እንዲታይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አኖረው፤ ብርሃንም በወፍራም መስተዋት ሰብስቦ ጣለበት። ባየም ጊዜ ቁራጩ ሁሉ እንደ የማር እንጀራ በስስ ግድግዳ የተከፋፈለ ባዶ ክፍል ሆኖ አገኘው። እነዚህንም ክፍሎች ሴል ብሎ ጠራቸው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ ክፍል ማለት ነው። መነኩሴ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ በእኛ አገር በዓት የምንላት፣ በዚያው ስም ትጠራለች። እኛ ዛሬ በአማርኛ ሕዋስ እንለዋለን።

ሁክ ማየት ብቻ አልበቃውም፤ ቆጠረም። በአንድ ኢንች ርዝመት አሥራ ስምንተኛ እጅ ላይ 60 ያህል ክፍሎች ተሰልፈው አገኘ። እንግዲህ 60ን በ18 ብናባዛ በአንድ ኢንች ርዝመት 1,080 ይሆናል። በአንድ ኢንች ካሬ 1,166,400፣ በአንድ ኢንች ኪዩብ ደግሞ 1,259,712,000 መሆናቸው ነው። አንድ ኢንች ከሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። እኛም ይህን ሒሳብ በደብተራችን ሠርተን ልክ ሆኖ አገኘነው፤ በአውራ ጣታችን ላይ የምትቀመጥ ቡሽ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ክፍል ያላት መሆኑም እጅግ አስደነቀን።

ከዚህም በኋላ ሁክ ምክንያት ፈለገ። ቡሽ ስለምን ቀላል ሆነ? ግድግዳው ስስ፣ የቀረው ሁሉ አየር ስለሆነ ነው። ስለምን ውኃ አይገባበትም? ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው የተዘጉ ስለሆኑ ነው። ስለምን ተጨቁኖ ሲለቀቅ ተመልሶ ይነፋል? በክፍሎቹ ውስጥ የታሰረው አየር እንደ ሞላ ስለሚገፋ ነው። የአየርን ጉልበት ከቦይል ጋር ሆኖ ተምሮት ነበርና፣ አንዱ ትምህርት ለሌላው እንዴት እንደሚረዳ በዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ሁክ ያየው የሕያው ነገር ቤት እንጂ ነዋሪው አልነበረም። በቡሽ ውስጥ ያሉት ሕዋሶች የሞቱ ናቸው፤ የቀረው ግድግዳቸው ብቻ ነው። በካሮትና በሌሎችም እርጥብ ተክሎች ክፍሎቹ በፈሳሽ ተሞልተው አይቷል፤ ፈሳሹ ምን እንደሚሠራ ግን ሊያውቅ አልቻለም። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፍ በርም ፈልጎ አጣ። በሩ ያለ ነገር ነው፤ ነገር ግን እጅግ ረቂቅ ስለሆነ እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ ማንም አላየውም። በ1838 እና በ1839 ዓ.ም. ሽላይደንና ሽቫን የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ዕፀዋትም እንስሳትም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን አስተማሩ። ከዚያ ወዲህ የሕያዋን ሁሉ መሠረት በዚያው ሁክ ለባዶ ግድግዳ ባወጣው ስም ተጠራ። የእንስሳ ሕዋስ ግን ግድግዳ የለውም፤ ስስ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ የእኛ የሰዎች ሕዋስ ስሙን ያገኘው ከሌለው ግድግዳ ነው ማለት ነው።

ሁክ ያየው ግድግዳ ከምን የተሠራ ነው? በ1838 ዓ.ም. አንሰልም ፓየን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ዋናውን ነገር ለይቶ አወጣ፤ ሴሉሎዝ ተባለ። የግድግዳውን አሠራር ለመረዳት የገጠር የጭቃ ቤት ማሰብ ይበቃል። ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ቋሚ ይተከላል፤ ማገር ይማገራል፤ በልጥ ይታሰራል፤ በመጨረሻም በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረጋል። በሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ሴሉሎዝ እንደ ቋሚና ማገር ነው፤ በረቂቅ ክሮች ተሰልፎ ጉተታን ይችላል። ሄሚሴሉሎዝ የተባለው እንደ ልጥ ክሮቹን ያያይዛል። ፔክቲን የተባለው ለስላሳ ነገር በመካከላቸው ይሞላል፤ አንዱን ሕዋስ ከጎረቤቱም ጋር ያጣብቃል። ድንች ሲቀቀል፣ ሙዝም ሲበስል የሚለሰልሰው ፔክቲኑ ስለሚፈታ ነው። በእንጨት ውስጥ ደግሞ ሊግኒን የተባለው እንደ ደረቀ ጭቃ ገብቶ ግድግዳውን ያጠነክራል። ቡሽ ውኃ የማያስገባው ሱበሪን የሚባል እንደ ሰም ያለ ነገር ስላለበት ነው።

የግድግዳው ጥቅም ብዙ ነው። ለጋ ሕዋስ ውስጡ በውኃ ተወጥሮ ግድግዳውን ይገፋል፤ ግድግዳውም መልሶ ይይዘዋል። ይህ በመኪና ጎማ ውስጥ እንዳለ ከመነዳሪ ነው። ግድግዳ ባይኖር ሕዋሱ ይፈነዳ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ጎመን በቀትር ፀሐይ እንደሚጠወልግ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል። ሕዋሱ በሚያድግበት ጊዜ ግድግዳው ስስና የሚለጠጥ ነው። እድገቱ ሲያበቃ በእንጨት ውስጥ ከበስተውስጥ ሁለተኛ ወፍራም ግድግዳ ይሠራል። ከዚያም ነዋሪው ሕዋስ ይሞታል፤ ባዶው ግድግዳ ግን ቧንቧ ሆኖ ከሥር እስከ ቅጠል ውኃ ያሳልፋል። በደጃችን የቆመው ረጅም ባሕር ዛፍ ውኃ የሚጠጣው በሞቱ ሕዋሶች ግድግዳ ነው።

የሁሩታ አካባቢ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ገበሬ የስንዴው አገዳ ደካማ ከሆነ ነፋስና ዝናብ ሲመታው እንደሚጋሽብ ያውቃል፤ አገዳውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውም ይኸው ግድግዳ ነው። እህሉ ከተወቃ በኋላ ፍሬውን እኛ እንበላለን፤ ጭዱን ለከብት እንሰጣለን። የፍሬው ስታርችና የጭዱ ሴሉሎዝ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ስኳር፣ ከግሉኮስ የተያያዙ ናቸው፤ አያያዛቸው ግን ይለያል። የእኛ ሆድ የጭዱን ማያያዣ ሊፈታ አይችልም። የላምም ሆድ በራሱ አይፈታውም፤ በጨጓራዋ የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረቶች ይፈቱላታል። እናቶቻችን የሚፈትሉት ጥጥም ከመቶው 90 እጅ ያህሉ ሴሉሎዝ ነው። እያንዳንዷ የጥጥ ፀጉር የአንዲት ሕዋስ ግድግዳ ናትና፣ በበዓል ቀን ነጠላ ስንለብስ የዕፀዋትን ግድግዳ ለብሰናል ማለት ነው። በሁክ ዘመን በጎንደር መጻሕፍት በብራና ይጻፉ ነበር፤ ብራና የእንስሳ ቆዳ ነውና ግድግዳ የለውም። የሁክ መጽሐፍ ግን የታተመው ከተልባ እግር ጨርቅ እራፊ በተሠራ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ የዕፀዋት ግድግዳ ሥዕል በራሱ በዕፀዋት ግድግዳ ላይ ተሣለ።

ወደ ሁክ ታሪክ እንመለስ። በ1666 ዓ.ም. ሎንዶን በታላቅ እሳት ተቃጠለች። አራት ቀን በነደደው እሳት 13,200 ያህል ቤቶች ጠፉ። ሁክ ከተማዪቱን መልሰው ከሚሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ጎዳና ለካ፤ የተቃጠለባቸውን ሰዎች ቦታ ሸነሸነ፤ ጎረቤቶች በወሰንና በጋራ ግድግዳ ሲጣሉ ቦታው ላይ ቆሞ ፈረደ። የቡሽን ግድግዳ የቆጠረው ሰው የሰዎችን ግድግዳ በመለካት ብዙ ዓመት ደከመ። ከወዳጁ ከክሪስቶፈር ሬን ጋር ሆኖ ለእሳቱ መታሰቢያ ያቆሙት ከ61 ሜትር በላይ የሆነው ሐውልት ዛሬም በሎንዶን ቆሟል። በ1678 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሞላ የመረመረውን አሳተመ። ሞላ የሚለጠጠው በተሳበበት ኃይል ልክ ነው፤ ይህም የሁክ ሕግ ነው።

የሰውን ታሪክ ስንጽፍ ጉድለቱን መደበቅ አይገባንም። ሁክ ቁጡና ተጠራጣሪ ነበር። ብዙ ነገር ይጀምራል፤ አንዱን ሳይፈጽም ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሌላ ሰው የፈጸመው እንደሆነም የእኔ ነበር ብሎ ይከራከራል። በዚህም ከታላቁ ከአይዛክ ኒውተን ጋር ተጣላ። የፀሐይ ስበት ከርቀቱ ካሬ ጋር እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን ሁክ አስቦ ነበር፤ በሒሳብ አረጋግጦ በ1687 ዓ.ም. ያሳተመው ግን ኒውተን ነው። ማሰብ አንድ ነገር ነው፤ አስረድቶ መፈጸም ሌላ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች ቢስማሙ ኖሮ ለዓለም እንዴት በበጀ ነበር እንላለን።

ሁክ ሚስት አላገባም። የሚወዳት የወንድሙ ልጅ ግሬስ በ1687 ዓ.ም. ስትሞትበት ኀዘኑ ጸናበት። በመጨረሻው ዘመኑ ዓይኑ ደከመ፤ እግሩም አበጠ። መጋቢት 3 ቀን 1703 ዓ.ም. በ67 ዓመቱ ሞተ፤ በአገራችን ታላቁ አፄ ኢያሱ ነግሠው ሳሉ ማለት ነው። ድኃ መስሎ ይኖር ነበርና፣ ከሞተ በኋላ በቤቱ በሣጥን ተቆልፎ ብዙ ሺህ ፓውንድ ሲገኝ ሰዎች ተገረሙ። ገንዘቡን ለሊቃውንቱ ማኅበር ሊያወርስ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ኑዛዜውን ሳይፈርም ስለ ሞተ ሐሳቡ ከንቱ ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዓመት ኒውተን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። የሁክ ሥዕል ነው ተብሎ የሚታወቅ አንድም የተረጋገጠ ሥዕል ዛሬ የለም። ኒውተን አጠፋው የሚሉ አሉ፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። መቃብሩም አይታወቅም፤ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ኋላ ሲታደስ አጽሙ ከሌሎች ጋር ተነሥቷልና። የሰዎችን ዓይን ረቂቅ ነገር እንዲያይ ያደረገ ሰው፣ የራሱን ፊት የሚያይለት አጣ።

ይሁን እንጂ ከላይ ስለ እንጨት የጻፍነውን አንባቢያን ያስታውሱ። ነዋሪው ሕዋስ ይሞታል፤ የሠራው ግድግዳ ግን ውኃ ያሳልፋል፤ ዛፉንም ያቆማል። የሁክም ነገር እንዲሁ ሆነ። ፊቱ ጠፋ፤ መቃብሩ ጠፋ፤ ያወጣው ስም ግን በየትምህርት ቤቱ ይጠራል፤ ሕጉም በየደብተሩ ይጻፋል።

እኛም የሁሩታ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ ድኅነትና የጤና ጉድለት ትምህርትን ሊያግዱ አይችሉም፤ ሁክ አባት የሌለው፣ በሽተኛና ጎባጣ ሳለ ተማረ። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ከምንጥለው ነገር ውስጥ ያልታየ ጥበብ ይገኛል፤ ሁክ ከጠርሙስ መክደኛ ላይ አገኘው፤ እኛም ከሽንኩርት ልጣጭ አየነው። ሦስተኛ፣ የጀመሩትን መፈጸምና ለባልንጀራ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል፤ ሁክ በዚህ ጎድሎ ተጎድቷልና። ለወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁ ሰዓት ቢፈቱ ወይም ቅጠል በምላጭ ቢሰነጥቁ አትቆጡ እንላለን። ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት ለሚማሩት ታናናሾቻችንም ሥራችን እንደ ጽኑ ግድግዳ እንዲቆይላቸው እንመኛለን።